በፔል ግራንት የሚማር ተማሪ በጊልማን ስኮላርሺፕ ውጭ ሀገር ሄዶ ለመማር እንዴት እንደሚያመለክት

በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወጣቶች ከዲግሪ ትምህርታቸው ውስጥ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ሰመር በሌላ ሀገር ተምረው፣ ያገኙትን ክሬዲት ይዘው የሚመለሱበት አሠራር ከተለመደ ቆይቷል። ዕድሉ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በየዓመቱ ከሚሄዱት ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነጮች ሲሆኑ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት የፍላጎት ማነስ አይደለም። ገንዘብ ይቸግራል፤ ከገንዘቡ እኩል ደግሞ ቤተሰብ ውስጥ ቀድሞ ያለፈበትና መንገዱን የሚያሳይ ሰው አይገኝም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተቋቋሙት ድጋፎች ትልቁ በቤንጃሚን ጊልማን ስም የተሰየመውና ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥቱ የገንዘብ አቅም ለሚያንሳቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የትምህርት እርዳታ) ለሚቀበሉ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ጊልማን ከኒው ዮርክ የተመረጡ የኮንግረስ አባልና የምክር ቤቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩ ሲሆን፣ ስኮላርሺፑ በ2000 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ ገንዘቡ የሚመደበው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ነው። እስካሁን ከ40,000 በላይ ተማሪዎችን ልኳል። እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል፤ ሀገሪቱ ተፈላጊ ናቸው ብላ የዘረዘረቻቸውን ቋንቋዎች እዚያው በሚነገሩበት ሀገር ለሚያጠና ተማሪ ደግሞ ድጋፉ እስከ 8,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ከሀገር ቤት ወጥተው በአሜሪካ ከተሞች በታክሲ፣ በሆቴልና በሆስፒታል ሥራ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች ልጃቸው የዚህ ዕድል ተጠቃሚ መሆን እንደሚችል ሳያውቁ ልጁ ትምህርቱን ይጨርሳል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ የተዘጋጀው ለእነዚህ ተማሪዎችና ወላጆች ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የዜግነትን ነገር ማጣራት ነው። ጊልማን የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። በግሪን ካርድ ያለ ተማሪ ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል፤ ለጊልማን ግን ማመልከት አይችልም። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስህተታቸውም ብዙ ጊዜ የሚያደላው ራሳቸውን ያለአግባብ ወደ መከልከል ነው። በ2000 በወጣውና ከፌብሩዋሪ 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ኖሮት በአሜሪካ ከወላጁ ጋር በወላጁ ሕጋዊ አሳዳጊነት ሥር የሚኖር ልጅ፣ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜግነት ከወሰደ ልጁም በዚያው ቀን ዜጋ ይሆናል። የራሱን ፈተና መፈተንም ሆነ ቃለ መሐላ መፈጸም አይጠበቅበትም። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ በልጅነታቸው የመጡ፣ አባታቸው ወይም እናታቸው ከዓመታት በፊት ዜግነት የወሰዱ፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ ራሳቸውን የግሪን ካርድ ባለቤት አድርገው የሚቆጥሩ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ ተማሪ የወላጁን የዜግነት የምስክር ወረቀት፣ የራሱን ግሪን ካርድና የልደት ሰርተፊኬት ይዞ በቀጥታ የአሜሪካ ፓስፖርት መጠየቅ ይችላል። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አዲስ አመልካች 130 ዶላር የማመልከቻና 35 ዶላር የማስፈጸሚያ ክፍያ ይከፍላል። ፓስፖርቱ ለጉዞውም ስለሚያስፈልግ ይህን ወጪ ለሌላ ጊዜ ማቆየት አይገባም።

ሁለተኛው እርምጃ ፋፍሳን፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጹን፣ በጊዜው መሙላት ነው። ጊልማን የቤተሰብን ገቢ በራሱ መንገድ አይመረምርም። መመዘኛው ተማሪው በሚያመለክትበት ጊዜ ፔል ግራንት እየተቀበለ መሆኑ፣ ወይም ውጭ ሀገር በሚማርበት ወቅት እንደሚቀበል ማረጋገጥ መቻሉ ነው። የሙሉ ፔል ግራንት መጠን ለ2024–25 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ ይሁንና ለጊልማን ብቁ ለመሆን ሙሉውን ማግኘት አያስፈልግም፤ ትንሽ መጠን የሚቀበልም ተማሪ ያመለክታል። የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም እንደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁሉ ብቁ ናቸው፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው በኮሚኒቲ ኮሌጅ ያሉ ልጆቻችን ዕድሉ ለትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የተሠራ እየመሰላቸው ስለሚተዉት ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራም ይመረጣል። በኮሌጅዎ ያለውን የስተዲ አብሮድ (የውጭ ሀገር ትምህርት) ቢሮ ሄደው ያነጋግሩ፤ ጥያቄዎ አንድና ግልጽ ይሁን፦ ኮሌጁ ክሬዲቱን የሚቀበለው በየትኞቹ ፕሮግራሞች ነው? ኮሌጁ ያጸደቀው ፕሮግራም ከሆነ ፔል ግራንቱና ሌላው የፌዴራል እርዳታ ተማሪውን ተከትሎ ውጭ ሀገር ድረስ መሄድ ይችላል። ካልጸደቀ ግን ተማሪው ጊልማንን ቢያሸንፍ እንኳ ዋናውን እርዳታውን ሊያጣ ይችላል። ከተቻለ ኮሌጁ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሪ በተማሪ የሚለዋወጥበትን ፕሮግራም ያስቀድሙ፤ በዚህ ዓይነቱ ተማሪው የሚከፍለው የገዛ ኮሌጁን የትምህርት ክፍያ ነውና ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው።

ሀገር ሲመርጡ ደግሞ ሀገሮችን እንደ አደጋ ስጋታቸው ከደረጃ 1 እስከ 4 የሚመድበውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን የጉዞ ማሳሰቢያ ይመልከቱ። ስኮላርሺፑ በመሠረቱ በደረጃ 1 ወይም 2 ላይ ላሉ ሀገሮች የታሰበ ነው። ኢትዮጵያ በእነዚህ ዓመታት በደረጃ 3 ላይ ተቀምጣ በመቆየቷ፣ ወደ ወላጆቹ ሀገር ሄዶ ለመማር የሚመኝ ወጣት ከማመልከቱ በፊት ወቅታዊውን ደረጃ ማየትና አማራጭ ሀገር መያዝ ይኖርበታል። ከተፈላጊ ቋንቋዎቹ መካከል ዓረብኛና ስዋሂሊ ይገኙበታል። እናቱ በዓረብ ሀገር ለዓመታት ሠርታ ዓረብኛ ይዛ የመጣችለት፣ ወይም ራሱ በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በኤምሬትስ ያደገ ተማሪ፣ ቋንቋውን ሞሮኮ ሄዶ በሥርዓት ለመማር ቢያመለክት ተጨማሪውን ገንዘብ ከማግኘቱ በላይ ለማመልከቻው ጠንካራ መነሻ ይኖረዋል።

የማመልከቻው ልብ ጽሑፉ ነው። ጊልማን የአስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ስለ ተማሪው የሚናገርለት የራሱ ጽሑፍ ብቻ ነው። አንደኛው ጽሑፍ የተማሪውን ዓላማ፣ ሁለተኛው በሚሄድበት ሀገር ሰዎችና በአሜሪካውያን መካከል መግባባትን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተመለሰ በኋላ ስለ ስኮላርሺፑ ለሌሎች የሚያሳውቅበትን የአገልግሎት ሥራ ያብራራል።

ዓላማውን በሚያብራራው ጽሑፍ ላይ ልጆቻችን ከሁለት ነገሮች ወደ አንዱ ሲያዘነብሉ አያለሁ። አንዳንዱ የቤተሰቡን ችግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ዘርዝሮ ያበቃል። ሌላው በባህላችን የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነውና ስለ ቤተሰቡ ምንም ሳይናገር ስለ ዓለም ውበት ይጽፋል። ሁለቱም አንባቢውን ስለ ተማሪው ብዙ አያሳውቁትም። የሚበጀው ሁኔታውን በአጭርና በእውነት ተናግሮ ወደ ትምህርቱ መሻገር ነው። ለምሳሌ የነርስነት ትምህርት የምትከታተል ተማሪ ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን ክሊኒክ እያደረሰች ስታስተረጉም ካደገች፣ በሐኪሙና በታማሚው መካከል ቋንቋ ሲጎድል ምን እንደሚጎድል ከማንም በላይ ታውቃለች። ከዚያ ተነሥታ የምትወስደውን ኮርስ በስሙ ጠርታ፣ ለምን በዚያ ሀገር መማር እንዳለባትና እዚህ ሆና ለምን እንደማታገኘው፣ ስትመረቅም የት ሆስፒታል ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ ልትሠራበት እንደምታስብ ብትጽፍ፣ አንባቢው ሕይወቷንም ዕቅዷንም በአንድ ላይ ያያል። «አድማሴን ማስፋት እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ተማሪ ማመልከቻ ላይ ሊሰፍር ስለሚችል ለማንም አይረዳም።

ስኮላርሺፑ ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖችን መድረስ ሲፈልግ የቆየ በመሆኑ፣ ከቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው ሰው መሆን፣ የስደተኛ ልጅ መሆን፣ እየሠሩ መማር፣ የአካል ጉዳት፣ ታናናሾችን የማሳደግ ኃላፊነት፣ እንደ ምሕንድስናና ሳይንስ ባሉ ተማሪዎቻቸው ብዙም ወደ ውጭ በማይወጡባቸው የትምህርት ዘርፎች መሆን፣ እነዚህ ሁሉ መጠቀስ አለባቸው። ይህን መጥቀስ ልመና አይደለም፤ ገንዘቡ የተመደበው አቅም ለሚያንሳቸው ተማሪዎች ነው።

የአገልግሎት ሥራው ከተመለሱ በኋላ በ6 ወር ውስጥ መፈጸም ያለበት በመሆኑ በእጅዎ ያለውን ሥራ ይምረጡ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ያለ የወጣቶች ፕሮግራም፣ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት፣ የተማሩበት ሃይስኩል የመማክርት ቢሮ ብዙ ፔል ግራንት የሚያገኙ ወይም ሊያገኙ የሚችሉ ወጣቶች የሚገኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ከጽሑፉ በፊት ኃላፊውን አነጋግረው ፈቃደኛነቱን ያግኙ፤ ስንት ወጣቶች እንደሚገኙ፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደሚያስረዱ ይጻፉ። ለወላጆች በአማርኛ የሚሰጥ ማብራሪያ ቢጨመርበት እጅግ ጥሩ ነው፤ በብዙ ቤት ልጁ ፈልጎ ጉዞው የሚቀረው እናት ወይም አባት በመፍራታቸው ነውና።

የማመልከቻው ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘጋል፦ በኦክቶበር መጀመሪያና በማርች መጀመሪያ። የኦክቶበሩ በዋናነት ለስፕሪንግ ሴሚስተር፣ የማርቹ ለሰመርና ለፎል የሚሄዱትን ይመለከታል። ትክክለኛውን ቀን ከስኮላርሺፑ ድረ ገጽ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ተማሪው ካመለከተ በኋላ የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) እና የስተዲ አብሮድ ቢሮዎች መረጃውን በኢንተርኔት ማረጋገጥ ስላለባቸው፣ ማመልከቻውን በመጨረሻው ሰዓት መላክ ለእነሱ በቂ ጊዜ አለመስጠት ይሆናል። ውጤት የሚነገረው ከወራት በኋላ በመሆኑ ዝግጅቱ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል። የውጭው ፕሮግራም ተማሪውን እስኪቀበል መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ሁለቱ ማመልከቻዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ስለ በጀት አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን የውጭ ሀገር ትምህርቱን ወጪ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ጨምሮ፣ በተማሪው የወጪ ስሌት ውስጥ እንዲያስገባ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይህ ካልተደረገ ጊልማን ሲገባ ቀድሞ የነበረው እርዳታ ሊቀነስ ይችላል። የፌዴራል እርዳታ ደግሞ ቶሎ ቢለቀቅ ትምህርት ሊጀመር 10 ቀን ሲቀረው ነው። ትኬት፣ ቪዛና የቤት ቀብድ ግን ከዚያ በፊት ይከፈላሉ። በወረቀት ላይ ገንዘብ እያለው በእጁ ስለሌለው የሚቀር ተማሪ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። እቁብ ያላቸው ቤተሰቦች ዕጣቸው በዚያ ወር እንዲወጣላቸው አስቀድመው ቢነጋገሩ፣ እርዳታው ሲለቀቅ የወጣውን መተካት ይቻላል።

ዜግነት ለሌለው ተማሪ መንገዱ አልተዘጋም። ፈንድ ፎር ኤዱኬሽን አብሮድ የተባለው ድርጅት ለግሪን ካርድ ባለቤቶችም ይሰጣል፤ ከ1,250 ዶላር ጀምሮ ለአንድ ሴሚስተር እስከ 5,000፣ ለሙሉ ዓመት እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሲሆን ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ የኮሌጅ ተማሪ ለሆኑና ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ቅድሚያ ይሰጣል። ዜጎችም ሁለቱንም ማመልከት ይችላሉ። የግሪን ካርድ ባለቤት ግን ከ6 ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ወደፊት ዜግነት ሲጠይቅ የመኖሪያ ጊዜው እንደተቋረጠ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ከሙሉ ዓመት ይልቅ አንድ ሴሚስተር ወይም ሰመር ቢመርጥ ይሻላል። በጥገኝነት ወይም በስደተኛነት የሚኖር ተማሪ ከመውጣቱ በፊት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ በእጁ መያዝ አለበት፤ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ደግሞ ከሸሸው ሀገር ጋር የተያያዘ ጉዞ ከማሰቡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ካልተሳካ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ማመልከት ይፈቀዳል። ከተሳካ ደግሞ ከመሄድዎ በፊት የሚወስዷቸው ኮርሶች በኮሌጅዎ በየትኛው ኮርስ እንደሚተኩ የትምህርት ክፍሉ ፈርሞ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። እዚያ ሲደርሱ ኮርስ ከተቀየረ በዚያው ሳምንት ለአማካሪዎ ጽፈው አዲስ ስምምነት ያግኙ፤ የየኮርሱን ዝርዝር፣ የጻፏቸውን ወረቀቶችና የፈተና ውጤቶችም ክሬዲቱ በትራንስክሪፕትዎ ላይ ተመዝግቦ እስኪያዩ ድረስ ያስቀምጡ።