በሠፈራችሁ የተጀመረን የሙከራ ፕሮጀክት እንዴት ትከታተላላችሁ?

ጅማ ውስጥ የሙከራ ፕሮጀክት ሲጀመር ባነር ይሰቀላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ሙከራው ምን አስገኘ የሚለውን ግን ጠያቂ የለውም። ገንዘቡ የሕዝብ ነውና እናንተ ጠይቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል።

መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ሰነድ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር አስመቱ። ይቺን ነገር አትናቋት፤ በቃል የጠየቀ ሰው "ነገ ተመለስ" ነው የሚባለው። መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመልሱ የ30 ቀን ገደብ አስቀምጧል። ዝም ካሏችሁ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ።

ሰነዱ ሲደርሳችሁ በጀቱን እዩ፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ምን ውጤት ሲገኝ እንደሚስፋፋ፣ ምን ሲጎድል እንደሚቆም ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። ይህ ከሌለ ስሙ ብቻ ነው ሙከራ።

ቀጥሎ መነሻውን መዝግቡ። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ አዲስ የቆሻሻ አሰባሰብ ሊሞከር ነው እንበል። ሥራው ሳይጀመር ገንዳው በሳምንት ስንት ቀን ሞልቶ እንደሚፈስ በደብተር ያዙ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። ለማነጻጸር እንዲመቻችሁ ፕሮጀክቱ ያልደረሰበትን ጎረቤት ሠፈርም እንዲሁ። ክረምትን ከበጋ ጋር ግን አታወዳድሩ፤ የጅማ ዝናብ ሒሳቡን ያበላሸዋል።

እንዲህ ላለው ንጽጽር ጥሩ ምሳሌ ከቅርብ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። ተመራማሪዎች የሙከራ ወረዳዎችን ቤተሰቦች ካልተሞከረባቸው ወረዳዎች ቤተሰቦች ጋር አነጻጽረው አጥንተዋል።

የኦዲት ሪፖርትም ጠይቁ፣ የትኛውን እንደሆነ ግን ለዩ። የፋይናንስ ኦዲት ሒሳቡና ደረሰኙ ትክክል መሆኑን ያያል። ገንዘቡ የታለመለትን ሥራ ሠራ ወይ የሚለውን የሚመረምረው የክዋኔ ኦዲት ነው። የክልል በጀት ከሆነ የኦሮሚያ ዋና ኦዲተርን፣ የፌዴራል ከሆነ የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ይመለከታል።

የመዘገባችሁትን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለምክር ቤት ተወካያችሁ ስጡ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከግንቦት አታሳልፉት።