ከኖርፎክ እስከ ማያሚ በጀልባ፦ የመንገዱ ኑሮና ጥቃቅን ጥገና

ልጅ ሆኜ የማውቀው ትልቁ ውሃ የሀዋሳ ሐይቅ ነው። እሱንም ከዳር ቆሜ፣ ዓሣ እየበላሁ። ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሥር ሜትር ገደማ የምትሆን አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛና «ብርዱ ሳይገባ ፍሎሪዳ ላድርሳት፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለኝ። ሳላስብ እሺ አልኩ። እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስብ ሰው የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መንገዱ ኢንትራኮስታል ወተርዌይ ይባላል። የአትላንቲክን ዳርቻ ተከትሎ በወንዝ፣ በተቆፈረ ቦይና በደሴቶች ጀርባ የሚያልፍ የውሃ መንገድ ነው። ዜሮ ማይሉ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ማያሚ 1,090 ማይል ገደማ፣ ማለትም ወደ 1,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኛ ጀልባ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። መኪና በሁለት ቀን የሚጨርሰው አምስት ሳምንት ፈጀብን። መንገዱ ብዙ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሸራው ተጠቅልሎ ይውላል፤ የሚገፋችሁ የናፍጣ ሞተር ነው። ስለዚህ ከመርከበኛ ይልቅ የጋራዥ ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ጠዋት፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት

ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ክፈቱ። ዘይቱን ለኩ፤ ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ቱቦዎቹን የሚያጠብቁትን ፋሼታዎች አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጉ። ከሞተሩ ስር ነጭ መምጠጫ ጨርቅ ይነጠፍ። ጨርቁ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ነጠብጣብ ዘይት ነው፣ አረንጓዴው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ቀለም የሌለው የባህር ውሃ። ናፍጣ ከሆነ አፍንጫችሁ ቀድሞ ያውቀዋል።

ሞተሩ እንደተነሳ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጭስ ማውጫውን እዩ። ከጭሱ ጋር ውሃ ፏ ፏ እያለ መውጣት አለበት። ሞተሩን የሚያቀዝቅዘው ከስር የሚሳበው የባህር ውሃ ስለሆነ፣ እዚያ ጋ ውሃ ከሌለ አትሂዱ። እኛ ጆርጂያ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ቸኩለን ይህን ሳናይ ተነሳን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ ነጭ እንፋሎት ይወጣ ጀመር፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያውም ጮኸ።

ኢምፔለር መቀየር

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኢምፔለር ነው። በውሃ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከር፣ የጎማ ምላሶች ያሉት ትንሽ ጎማ ነው። ሲያረጅ ምላሶቹ ይሰነጠቃሉ፣ ይቆረጣሉ። አቀያየሩ እንዲህ ነው።

1. ከመተላለፊያው ወጣ በሉና መልህቅ ጣሉ። ሞተሩን ያጠፋችሁት ከዚህ በፊት ከሆነ የውሃው ፍሰት ጭቃ ላይ ያስቀምጣችኋል።

2. ሞተሩ ይብረድ። የባህር ውሃ መግቢያውን ዝጉና የሞተሩን ቁልፍ እዚያው ላይ አንጠልጥሉት። መግቢያውን ሳትከፍቱ እንዳታስነሱ የሚያስታውሳችሁ እሱ ነው። ይህን ያሳየን አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለልነውም።

3. የፓምፑን ክዳን ከመፍታታችሁ በፊት ከስር ፎጣ አንጥፉ። ቡሎኖቹ የጥፍር ያህል ናቸው። አንዱ ወደ ጀልባዋ ሆድ ከወደቀ ከሰዓቱ በፍለጋ ያልቃል። እኔ የቡና ስኒ ውስጥ እየቆጠርኩ ነበር የማስቀምጣቸው።

4. አሮጌውን በሁለት ፒንሳ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ሳቡት። በካቻቪቴ አትፈንቅሉ፤ የፓምፑን ግድግዳ ይጭረዋል።

5. አሁን ምላሶቹን ቁጠሩ። የኛው ስድስት መሆን ሲገባው አራት ነበር። የጎደሉት የትም አልሄዱም፤ ወደፊት ባለው ቱቦ ውስጥ ተወትፈዋል። አንዱን ክርኑ ላይ አገኘነው። ሁለተኛው የሞተሩን ሙቀት ለባህር ውሃው የሚያስተላልፈው ክፍል (ሂት ኤክስቼንጀር) አፍ ላይ ነበር፤ በሽቦ እየጎተትን አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሳናወጣው ብንዘጋ ኖሮ አዲሱ ኢምፔለርም አያድነንም ነበር።

6. አዲሱን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀቡት። ቫዝሊንና ግሪስ ለጎማው ጥሩ አይደሉም። ምላሶቹ ፓምፑ ከሚዞርበት በተቃራኒ እንዲተኙ እያዞራችሁ አስገቡት። ከክዳኑ ስር ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀይሩ፣ ክዳኑን በእኩል አጥብቁ።

7. መግቢያውን ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አንዱ ሰው ጭስ ማውጫው ጋ ይቁም። ግማሽ ደቂቃ አልፎ ውሃ ካልመጣ አጥፉ።

የናፍጣው ጉዳይ ይቀላል። ፊልትሮ ስትቀይሩ መስመሩ አየር ይይዛል፤ ሞተሩም ይነሳና ይጠፋል። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ቡሎን ላላ አድርጉና የእጅ ፓምፗን በአውራ ጣት ምቱ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። ንጹህ ናፍጣ ብቻ ሲወርድ አጥብቁ። አሮጌ የናፍጣ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል።

መብራት እምቢ ካለ አምፖሉን ከመወንጀላችሁ በፊት የሽቦውን ጫፍ እዩ። ጨው አረንጓዴ ያደርገዋል። ፍቁት፣ አጥብቁት፣ ይበራል።

ውሃና ምግብ

የመጠጥ ውሃ በሊትር ነው የሚታሰበው። ሰሃን መጀመሪያ በባልዲ በተቀዳ የባህር ውሃ ይታጠባል፤ ለማለቅለቂያ ብቻ በመርጫ ጠርሙስ ንጹህ ውሃ። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ያለው የዲዝማል ስዋምፕ ቦይ ላይ ግን ባልዲያችሁ ይዞ የሚወጣው ሻይ የመሰለ ነው። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፤ የዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ያቀለመው ነው። ቦዩ የተከፈተው በ1805 ሲሆን በባርነት የተያዙ ሰዎች በእጅ የቆፈሩት ነው። ከባርነት ያመለጡም በዙሪያው ባለው ረግረግ ተደብቀው ኖረዋል። በዚያ ስናልፍ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም።

ለስንቅ የአባቶቻችን ዘዴ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይበልጣል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፤ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፣ ቦታ አይፈጁም። ቁሌቱን ግን ቤት አብስላችሁ በብልቃጥ ያዙ። እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ መስኮት ዘግቼ በርበሬ ማቁላላት ጀመርኩ። ባልደረባዬ እያስነጠሰ ወደ ላይ ወጣ፤ ቁልቁል የተመለሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሌላው ጋዙ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል፤ ከዚያ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። ምግቡ እንደበሰለ ሲሊንደሩ ላይ ዝጉ፣ ምድጃው ላይ ብቻ አይደለም።

ማታ፣ መልህቅ ሲጣል

ሰንሰለቱን በዓይን ግምት አትልቀቁ፤ ደምሩ። ውሃው ሦስት ሜትር ቢሆን፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው አንድ ሜትር ከፍ ቢል፣ ጆርጂያ ላይ ባህሩ በየዕለቱ ስለሚሞላና ስለሚጎድል ውሃው ሌሊት ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ቢል፣ ድምሩ ስድስት ተኩል ነው። በአምስት ብታባዙት ሠላሳ ሦስት ሜትር ገደማ ይመጣል። ነፋስ ካለ በሰባት አባዙ። ከዚያ ዳር ላይ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ምረጡ፤ አንድ ዛፍና አንድ ምሰሶ በቂ ነው። ሌሊት ለሽንት ስትነሱ አሁንም በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ።

ከመነሳታችሁ በፊት ግዙ የምላችሁ፦ ሁለት ኢምፔለር ከነጓርኒሲዮኑ፣ ሁለት ቺንጋ፣ አራት የናፍጣ ፊልትሮ፣ በየመጠኑ የማይዝግ ፋሼታ፣ ቱቦ ሲፈነዳ ቀዳዳ የሚወተፍበት ሾጣጣ እንጨት። ጀበናውን ቤት ተዉት። የኔን ደቡብ ካሮላይና ላይ አንድ ፈጣን ጀልባ አጠገባችን ሲያልፍ ያስነሳው ሞገድ ከምድጃው አንስቶ ሦስት ቦታ ከፈለው። ማንቆርቆሪያ ይበቃል።