በጣሊያን ምግብ ቤት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ የጣሊያን ምግብ ቤት አዳራሽ ለሚመራ ሰው፣ በየምሽቱ የሚገጥመው አብዛኛው ችግር የሚመጣው እንግዳው ምግቡን ስለማያውቀው ሳይሆን የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው። ፓስታ በየቤቱ ይቀቀላል፣ ላዛኛ በየካፌው ይሸጣል፣ ማኪያቶ ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሜኑውን በወጉ ሳያነብና አስተናጋጁን ሳይጠይቅ ያዛል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንዱ ግን የሰውን እምነትና ኅሊና የሚነካ በመሆኑ ከእሱ እጀምራለሁ።

እርሱም ጾምን ወይም የማይበሉትን ነገር ከማዘዝ በፊት አለመናገር ነው። በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ ወይም በረቡዕና ዓርብ የሚመጡ እንግዶች ፓስታ በቲማቲም ካዘዙ ጾማቸውን የጠበቁ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ስፓጌቲና ፔኔን የመሰለው ደረቅ ፓስታ ከስንዴና ከውሃ ሲሠራ፣ በቤቱ ወጥ ቤት የሚዳመጡት ታሊያቴሌ፣ ራቪዮሊና የላዛኛ ሊጥ ግን ብዙውን ጊዜ በእንቁላል የተለወሱ ናቸው። የቲማቲሙ ሶስ ራሱ ከምድጃ ሲወርድ ቅቤ ወይም ፎርማጆ ሊጨመርበት ይችላል። አረንጓዴው ፔስቶ ቅጠልና ዘይት ብቻ ይመስላል፤ የተለመደው የጄኖቫ አሠራር ግን ፓርሚጃኖና ፔኮሪኖ የተባሉ ፎርማጆዎች አሉበት። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሚኔስትሮኔ ሾርባ ጣዕም እንዲያገኝ የፓርሚጃኖ ቅርፊት አብሮት የሚቀቀልበት ጊዜ አለ፤ ሪዞቶ የተባለው የሩዝ ምግብ ደግሞ በሥጋ ወይም በዶሮ መረቅ በስሎ መጨረሻ ላይ በቅቤና በፎርማጆ ይታሻል። ይህን ሁሉ ሜኑው አይዘረዝረውም።

የአሳማ ሥጋ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። ካርቦናራና አማትሪቻና የተባሉት ፓስታዎች በጣሊያን የሚሠሩት በአሳማ ጉንጭ ሥጋ ነው፤ ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታና ሞርታዴላም የአሳማ ናቸው። ሁሉም ሰው የበሬ ሥጋ ብቻ ነው ብሎ የሚያምነው የቦሎኛ የሥጋ ሶስ፣ ራጉ እንኳ ፓንቼታ ይገባበታል። ሀገራችን ውስጥ ብዙ ወጥ ቤቶች በምትኩ የበሬ ሥጋ ይጠቀማሉ፤ ሆኖም የትኛው ቤት እንደሚተካና የትኛው እንደማይተካ የሚታወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው። ከጣፋጮቹ ቲራሚሱ አልኮል፣ ፓና ኮታ ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን ሊኖረው እንደሚችል ሙስሊም እንግዶች ቢያውቁ ጥሩ ነው። ሜኑው ላይ የባሕር ፍሬዎች ተብሎ የተጻፈውም ዓሣ ማለት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን የማይቀምሱት የባሕር ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ አለበት።

አንድ ምሽት አንድ ወጣት ባለሙያ እናቱን ሊያከብር ቤተሰቡን ይዞ መጣ። የፍስክ ቀን ነበር። ለመጀመሪያ የሚቀርበውን የተቀላቀለ አንቲፓስቶ ሲያዝ አስተናጋጁ ምን ምን እንዳለበት ሊነግረው ጀመረ፤ እርሱ ግን «እናውቀዋለን፣ አምጣው» ብሎ አቋረጠው። እናቱ በስሱ ከተቆረጠው ሐምራዊ ሥጋ አንዱን በሹካቸው አንሥተው ቀመሱና «ልጄ፣ ይህ የምን ሥጋ ነው?» ብለው አስተናጋጁን ጠየቁት። እርሱም ሊዋሻቸው አልቻለም። ሹካቸውን አስቀምጠው አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ፤ ልጃቸውንም አልተቆጡትም። የቀረውን ምሽት ውሃ ብቻ እየጠጡ ተቀመጡ። ያ ልጅ ሦስት ደቂቃ ቢታገሥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። አስተናጋጅ «እማማ፣ ጾም አለ? የማይበሉት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ተረድታችሁ እንድትመልሱለት እለምናችኋለሁ። የምትጾሙ ከሆነ ቦታ ስትይዙ በስልክ ተናገሩ። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ የሚሠራ ስፓጌቲ፣ በሚጥሚጣ ዓይነት ቃሪያ የሚያቃጥል አራቢያታ፣ በሎሚ የሚሠራ ሶርቤቶ የተባለ የቀዘቀዘ ጣፋጭ አለ፤ ስሙ የባሕር ነገር ያለበት የሚያስመስለው ፒዛ ማሪናራም በትክክለኛ አሠራሩ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት እንጂ ዓሣም ፎርማጆም የለበትም።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ምግብ ባንድ ጊዜ ማዘዝና በመጀመሪያው ላይ መጥገብ ነው። የጣሊያን ማዕድ በተራ የሚሄድ ነው፤ አንቲፓስቶ አፍ መክፈቻ ሲሆን፣ ከዚያ ፓስታ ወይም ሪዞቶ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ ከአትክልት ጋር፣ በመጨረሻም ጣፋጭ ይመጣል። የእኛ ጋባዥ ግን እንግዳውን «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም» እያለ በዳቦና በአንቲፓስቶ ያጠግበውና ሥጋው ሲደርስ የሚነካው ሰው ይጠፋል። አራቱንም ደረጃ ማዘዝ ግዴታ አይደለም። ለሁለት ሰው አንድ አንቲፓስቶ፣ አንድ ፓስታ በሁለት ሳህን ተከፍሎ፣ ከዚያ ለየራስ ሥጋ ወይም ዓሣ በቂ ነው፤ «ለሁለት ይከፈልልን» ማለትም ፈጽሞ የሚያሳፍር አይደለም።

ፓስታው አልበሰለም ተብሎ መመለሱ ደግሞ ወጥ ቤቱን ከሁሉ በላይ ያሳዝነዋል። ቤታችን ውስጥ ፓስታ እስኪላላ መቀቀል ለምደናል። እዚህ ግን መሐሉ ጥርስ ላይ ጥቂት ጠንከር እንዲል ታስቦ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ከውሃው ይወጣና የቀረውን በሶሱ ውስጥ ይጨርሳል፤ የተቀቀለበት ውሃ በስታርች የወፈረ በመሆኑ ሶሱን ከፓስታው ጋር ያያይዘዋል። ተመልሶ እሳት ላይ ሲወጣ ሶሱ ይለያያል፣ ፓስታው ሶሱን መጥጦ ይደርቃል። ለስላሳ የምትወዱ ከሆነ ስታዙ «ለስለስ ያለ ይሁንልኝ» በሉ፤ ማንም ቅር አይለውም። ስፓጌቲን በቢላ መቆራረጥም አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት ዘንግ ብቻ በሹካ ጫፍ ይዞ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ማዞር ይበቃል፤ ብዙ የሚያነሣ ሰው ነው ልብሱን የሚያቆሽሸው።

ሪዞቶ ሲታዘዝ ጀምሮ የሚሠራ ስለሆነ ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከችኮላ ጋር አይሄድም። በዓሣ ፓስታ ላይ ፎርማጆ አታስነስንሱ። የፊሬንሴው ቢስቴካ የተባለው ወፍራም የበሬ ጥብስ የሚሸጠው በክብደት መሆኑን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ እንደሚበልጥና መሐሉ ቀይ ሆኖ እንደሚቀርብ ሳታውቁ አትዘዙት፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቁራጭ ቢመርጥ ገንዘቡም ሥጋውም አይባክንም።

ወይን ሲከፈት ለጋባዡ ጥቂት ተቀድቶ የሚሰጠው ወይኑን እንዲወድ ወይም እንዳይወድ አይደለም። የቡሽ ሽታ ገብቶበት፣ የራሰ ካርቶን ዓይነት ጠረን አምጥቶ እንደሆነ እንዲያጣራ ነው። ማሽተት ብቻ ይበቃል፤ ደኅና ከሆነ ራስን ነቅንቆ ማሳየት ነው። የዝዋይ ወይን ማዘዝ የሚያፍሩ እንግዶች አያለሁ፣ ምክንያቱ አይገባኝም።

አስተናጋጅን በጭብጨባ መጥራት ድሮ የነበረ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክፉ ታስቦ የሚደረግም አይደለም። ነገር ግን ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ የሁሉንም ሰው ማዕድ ያቋርጣል። እጅን ትንሽ ከፍ ማድረግ በቂ ነው። ሹካና ቢላችሁን ጎን ለጎን ካጋደማችኋቸው ጨርሻለሁ ማለታችሁ ነውና ሳህኑ ይነሣል፤ ለጨዋታ ብላችሁ ብቻ ከሆነ ያቆማችሁት በሳህኑ ላይ ለያይታችሁ አስቀምጧቸው።

ለአራት ሰው ቦታ ይዞ በአሥር ሰው መምጣትን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ሳላችሁ ደውሉ።

የመጨረሻው የሒሳብ ጉዳይ ነው። በብዙ ሜኑዎች ላይ የተጻፈው ዋጋ 10 በመቶ ሰርቪስንና 15 በመቶ ቫትን አይጨምርም። ሰርቪሱ ተደምሮ ቫቱ በድምሩ ላይ ሲታሰብ 1,000 ብር የተባለው ምግብ 1,265 ብር ይሆናል፤ ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው በእንግዶቹ ፊት ይደነግጣል። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ግን የ«እኔ ልክፈል» ትግል ነው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች የሒሳቡን ማኅደር ከአስተናጋጁ እጅ ሲጎትቱ የቀይ ወይን ብርጭቆ ተገልብጦ በአጠገባቸው በተቀመጡ ሴት ነጭ ቀሚስ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። አስተናጋጁ መሐል ቆሞ ማንን እንደሚያስከፋ ይጨነቃል፤ ለአንዱ ቢሰጥ ሌላው ይቀየመዋል። መጋበዝ የፈለገ ሰው ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ወይም ማዕዱ መሐል ላይ እጁን ሊታጠብ እንደሚነሣ ሆኖ ወደ ካሸሩ ይሂድና ካርዱን ትቶ «ሒሳቡ ወደ ጠረጴዛው እንዳይመጣ» ይበል። ደረሰኙን ሲወጣ ይቀበላል። ሰርቪስ ሒሳቡ ውስጥ የገባ ስለሆነ ተጨማሪ ጉርሻ መስጠት ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የሚሰጥ ሰው ግን ጠረጴዛው ላይ ከሚተው ለአስተናጋጁ በእጁ ቢሰጠው ይሻላል።