የሮሙ ገዥ ዩልየስ ቄሣር የተገደለበት ዓመት፦ ስለ 44 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በእኛ አቆጣጠር ለማለት 8 መቀነስ። ከ44 ላይ 8 ቀንሶ 36 የሚጽፍ ሞልቷል። ከልደት በፊት ያለው ዘመን ወደ ኋላ ስለሚቆጠር 8 ይደመራል እንጂ አይቀነስም፤ 52 ይመጣል። የሚሻለው ግን 44ን እንዳለ ትቶ የአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን መግለጽ ነው። ማርች 15ንም መጋቢት 15 ብሎ መጻፍ ቀኑን ያፋልሳል።

ዜሮ ዓመት ያለ ይመስል መደመር። ከ1 ከልደት በፊት ቀጥሎ የሚመጣው 1 ዓ.ም. ነው። የቄሣር ወራሽ የነበረው፣ በኋላ አውግስጦስ የተባለው ኦክታቪያን በሴፕቴምበር 63 ከልደት በፊት ተወልዶ በኦገስት 14 ዓ.ም. ሞተ። 63 እና 14 ሲደመሩ 77፤ ለሌለው ዜሮ ዓመት አንድ፣ ላልደረሰው የልደት ቀን ደግሞ አንድ ይቀነሳል፤ ዕድሜው 75 ነው። ቄሣር ሲገደልም ኦክታቪያን 19 ሳይሆን 18 ዓመቱ ነበር።

ቄሣርን ንጉሠ ነገሥት ማለት። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ የያዘው ማዕረግ የዕድሜ ልክ ዲክታተርነት ነው። በዚያው ወር 15 በሉፐርካሊያ በዓል ደጋፊው ማርክ አንቶኒ ዘውድ ሊያደርግለት ሲሞክር በሕዝብ ፊት እምቢ አለ። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የሚባለው አውግስጦስ ነው፤ ይህን የክብር ስም ያገኘውም በ27 ከልደት በፊት ነው።

የተገደለበትን ቦታ ማሳሳት። አንዱ ካፒቶል ኮረብታ ላይ ነው ይላል፤ ሌላው በሮም መሐል አደባባይ በሚገኘው የሴኔት (የመኳንንቱ ምክር ቤት) አዳራሽ። አደባባዩ ላይ ያለው አዳራሽ ግን ያኔ እንደ አዲስ በመሠራት ላይ ነበር። ሴኔቱ የተሰበሰበው ፖምፔ ካሠራው ቲያትር ጋር በተያያዘ አዳራሽ ነው፤ ቄሣር የወደቀውም ከባላንጣው ከፖምፔ ሐውልት ሥር። ፍርስራሹ ዛሬ ሮም ውስጥ ላርጎ አርጀንቲና በሚባለው አደባባይ ይታያል። ሴረኞቹ ከ60 በላይ፣ ቁስሎቹ 23 ነበሩ፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም አንቲስቲየስ ለሞት ያበቃው አንዱ ብቻ፣ ደረቱ ላይ ያረፈው ሁለተኛው ነው ብሏል። «አንተም ብሩተስ?» የሚለው ንግግር ከ1,600 ዓመት በላይ ቆይቶ ከእንግሊዝ ቲያትር የመጣ ነው፤ እንደ ታሪክ ጥቅስ ባይጠቀስ ይሻላል።

ክሊዮፓትራንና ልጇን ያለቦታቸው ማስገባት። የግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ አገሯ ሆና መርዶ እንደ ሰማች አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እሷ ግን ሮም ነበረች፣ የወጣችውም በኋላ ነው። ከቄሣር ወለደችው የሚባለው ልጇ ቄሣሪዮን በቄሣር ኑዛዜ አልተጠቀሰም። ከሀብቱ ሦስት አራተኛ የተናዘዘው ለእህቱ የልጅ ልጅ ለኦክታቪያን ሲሆን፣ እሱም በዚያ ሰዓት ዛሬ አልባኒያ በምትባለው አገር በአፖሎኒያ ነበር። ለእያንዳንዱ የሮም ዜጋ ደግሞ 300 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ተናዞለታል። ይህን ዘሎ ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ለገዳዮቹ ምሕረት የተወሰነው ማርች 17 ሆኖ ሳለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕዝቡ ለምን በእነሱ ላይ እንደ ተነሣ የሚገባው ከዚህ ነው።

ሁለቱን ብሩተሶች አንድ ሰው ማድረግ። በጣም የሚዘወተረው ይሄ ነው። ከገዳዮቹ መካከል ዝነኛው ማርከስ ብሩተስ ነው። ያን ጧት ቄሣር ቤት ሄዶ፣ ሊቀር ያሰበውን ሰው አግባብቶ ወደ ስብሰባው ያመጣው ግን ዴሲመስ ብሩተስ ነው፤ ኑዛዜው ላይ ተተኪ ወራሽ ተብሎ የተጻፈውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አንቶኒ ሙቲና፣ የዛሬዋ ሞዴና ላይ ከብቦ የያዘው ይኸኛውን ብሩተስ ነው።