ትኬቱ ላይ ያለው ሌሊት የትኛው ሌሊት ነው? የአየር መንገደኛ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ሄርማታ አካባቢ በኮፒና ህትመት ቤት እሠራለሁ። ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ከስልኩ አውጥቼ እንዳትምለት ይመጣል። ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት አነበዋለሁ፤ ማንበብ የጀመርኩት ብዙ ሰው ሲጎዳ ካየሁ በኋላ ነው። ፓስፖርት ያዙ፣ ሻንጣ መዝኑ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልደግመውም። የምጽፈው ሰው በደንብ ተዘጋጅቶም ስለሚገጥመው ነው።

በረራው «ትናንት ሄዷል» ተባልኩ

ምልክቱ፦ መንገደኛው ቀድሞ ቦሌ ይደርሳል። ስክሪኑ ላይ በረራውን ያጣዋል። ሠራተኛዋ ትኬቱን አይታ «ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ነው የሄደው» ትለዋለች።

ምክንያቱ፦ የፈረንጅ ቀን የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ደግሞ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ስንል ማክሰኞ ውለን አምሽተን የምንተኛበትን ሌሊት ማለታችን ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00፡30» ካለ ግን ሰኞ አምሽተን የምንተኛበት ሌሊት ነው። ልዩነቱ ሙሉ አንድ ቀን ነው።

አንድ ሽማግሌ ለዑምራ ሊሄዱ ነበር። ትኬታቸው ማርች 10፣ 00፡30 ይላል። ልጃቸው ጎበዝ ነው፤ ማርች 10 መጋቢት 1 መሆኑን አወቀ። 00፡30 ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል መሆኑንም አወቀ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ አባቱን መጋቢት 1 ማታ ቦሌ አደረሳቸው። መድረስ የነበረባቸው የካቲት 30 ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ዱዓ አድርጎ የሸኛቸው ሰው 350 ኪሎ ሜትር ተመልሰው መጡ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሱቃችን ሲገባ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ። አሁንም ድረስ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ናት። 01፡15 የሚለውን ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ብላ አነበበች። በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነበር። ትኬቱ የተገዛው ቤተሰቡ ተበድሮ ነው።

መፍትሄው፦ ቃሉ በቋንቋችን አለ፤ አጥቢያ፣ ወደዚያ ቀን የሚነጋው ሌሊት ማለት ነው። ሰዓቱ በ00 ወይም ከ01 እስከ 05 ባሉት ቁጥሮች ከጀመረ ወዲያው «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። እኔ በእስክሪብቶ ከላይ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ። ቦሌ የሚደርሱት ሰኞ፣ የካቲት 30፣ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል።» የበረራውን ሰዓት አልጽፍም፤ ሰው ሁለት ሰዓት ካየ ይምታታበታል። የሚያስፈልገው የሚደርስበት ሰዓት ነው። ለውጭ በረራ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይታሰብ።

ቅየራው ቀላል ነው። ከ00 እስከ 06 ስድስት ይደመራል። ከ07 እስከ 18 ስድስት ይቀነሳል። ከ19 በላይ አሥራ ስምንት ይቀነሳል። 21፡30 ማለት ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ነው።

ተጠንቀቁ፦ ትኬቱ ላይ የመድረሻው ሰዓት የዚያ አገር ሰዓት ነው። ከጅዳ ጋር አንድ ነን፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። የስልክ ደወል ስትሞሉም ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሠራ አትርሱ።

አንድ ነገር ያናድደኛል። ትኬት ቆርጦ በስልክ «ለአሥር ነው፣ ሌሊት ነው» ብሎ የሚዘጋ ደላላ አለ። የቱ አሥር? የማን ሌሊት? ብር ተቀብሏል፤ አንድ ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት ነበረበት። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ከገዛችሁ ስልኩን ሳይዘጋው ሁለት ነገር አስደግሙት፦ በስንተኛው ቀን ምሽት ከቤት እንደምትወጡና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ።

ወሩን ጥር ብዬ አነበብኩት

ጃንዋሪ ጥር ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ጃንዋሪ 5 ታኅሣሥ 27 ነው። ጥር 5ን ጠብቆ የሄደ ሰው ስምንት ቀን ዘግይቷል። የፓስፖርቱ ማብቂያም በፈረንጅ ነው፤ ብዙ አገር ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋል።

ስሙ አልገጠመም

ሙሐመድ በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት ይጻፋል። ትኬት ቆራጩ በጆሮው እንደሰማው ይጽፋል፤ ቼክ ኢን ላይ ችግር ይመጣል። ስም በቃል አትንገሩ። የፓስፖርቱን ፎቶ ላኩ። ትኬቱ ሲመጣላችሁ ፓስፖርቱ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት ረጃጅም መስመሮች ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ስህተት ካለ ዛሬውኑ አስተካክሉ። በበረራው ቀን ጊዜ የለም።

ከጅማ ተነስቼ የቦሌው አመለጠኝ

የጅማውና የውጭው በረራ በተለያየ ትኬት ከተገዙ፣ ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው ሲዘገይ የውጭው አይጠብቃችሁም፤ ኪሳራው የናንተ ነው። በክረምት ደመናና ጉም በረራ ያስተጓጉላል። በአንድ ትኬት ላይ አስቆርጡ። ካልተቻለ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ እደሩ። በመኪና ለሚሄድም ያው ነው። የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ወጥቶ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አልፎ በዚያው ምሽት ልብረር የሚል ሰው መንገድ ላይ ለሚፈጠር አንድ ብልሽት እንኳ ቦታ አልተወም።

ፓወር ባንኬን ወሰዱብኝ

ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚሄደው። ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አውጡት። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት አወር ያለው ነው፤ 20 ሺህ ሚሊ አምፒር አወር 74 ዋት አወር ያህል ነው፣ ያልፋል። ርካሾቹ ላይ ግን 50 ሺህ ብለው ይጽፉባቸዋል። ውሸት ነው፤ ፈታሹ ግን የሚያነበው የተጻፈውን ነው፣ በስሌት 185 ዋት አወር ይሆናል፣ ይቀራል። ጽሑፉ የለቀቀውም እንዲሁ። እባካችሁ ይህን ዕቃ አትግዙ።

ማሩና ቅቤው

ማርም ቅቤም እንደ ፈሳሽ ነው የሚታየው፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ አይገባም። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልላችሁ፣ በሁለት ፌስታል አስራችሁ የሚጫነው ሻንጣ መሃል አድርጉት። ወደ አውሮፓ ግን ቅቤና ሥጋ አይገባም፤ የእናታችሁ ቅቤ እዚያ ከሚጣል እዚሁ ይቅር።

ሻንጣው ሌላ አገር ሄደ

አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። ካለፈው ጉዞ የቀረ ስቲከር ካለበት ላጡት።