የተራራ ጉዞ ስኪ ጫማን ለአልፓይን ስኖውቦርድ ማለዘብ
አልፓይን ስኖውቦርድ በጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ የሚነዳ የስኖውቦርድ (በአንድ ቦርድ በረዶ ላይ የመንሸራተት) ዓይነት ነው። ያገለገለ የተራራ ጉዞ ስኪ ጫማ ከአዲስ የስኖውቦርድ ጠንካራ ጫማ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ችግሩ አንገቱን (ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን የጫማውን ክፍል) ለመንሸራተት የሚያጸናው፣ ለመራመድ የሚለቀው የኋላ መቆለፊያው ነው፦ ሲቆለፍ አንገቱ ስለማይሰጥ ሸካራ በረዶ ላይ ቦርዱ እየነጠረ ጠርዙ ይለቃል፤ ሲከፈት ድጋፍ የለም።

የላይኛውን ዘለበት ማላላት አልረዳም፤ ተረከዝ ውስጡ ይነሳል እንጂ አንገቱ አይንቀሳቀስም። በመቆለፊያው ቦታ ከላይ ብቻ ሞላ ማድረግ ወደ ፊት አለዘበው፣ ወደ ኋላ ግን ያው ደረቅ ነበር።

የሠራው መቆለፊያውን አውጥቶ በ6 ሚሊ ሜትር ባለጥርስ ዘንግ መተካት ነው። ታችኛው ጫፍ ተረከዙ ላይ እንዲወዛወዝ ሆኖ ይታሰራል፤ ላዩ አንገቱ ላይ በታሰረ የብረት ቁራጭ ያልፋል። የብረቱ ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከጠበበ ዘንጉ ሲያጋድል ይያዛል። ከብረቱ በላይም በታችም ሞላ፣ ሮንዴላና ላስቲክ ያለው ዳዶ። ወደ ፊት ሲጫኑ የላይኛው፣ ወደ ኋላ ሲደገፉ የታችኛው ሞላ ይጨመቃል። ዳዶውን ብርድ ላይ አጥብቁ፤ ቤት ውስጥ ፕላስቲኩ ስለሚለሰልስ ልኩ ያሳስታል።