የቡታጋዝ ኮንቬየር ኦቨን እንዴት ይተከላል? ጭሱስ በየት ይወጣል?

ኮንቬየር ኦቨን ፒዛው በሽቦ ቀበቶ ላይ ሆኖ በአንድ አፍ ጥሬውን ገብቶ በሌላው አፍ በስሎ የሚወጣበት ኦቨን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፒዛ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ይመኘዋል። ሰዓቱንና ሙቀቱን አንዴ ካስተካከሉት አዲስ ሠራተኛም ያበስልበታል። ገዢው ስለ ቀበቶው ስፋትና ስለ ዋጋው ብዙ ይጨነቃል። ጭሱ በየት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

አብዛኞቹ የጋዝ ኮንቬየር ኦቨኖች የራሳቸው ጭስ ማውጫ የላቸውም። የተቃጠለው ጋዝ ፒዛው በሚገባበትና በሚወጣበት አፍ ወደ ወጥ ቤቱ ይለቀቃል። ስለዚህ ከላይ የሚሰቀለው ሁድ፣ ጭስና ሽታ የሚስበው የላሜራ ቆብ፣ የሽታ ማስወገጃ ብቻ አይደለም፤ የኦቨኑ ጭስ ማውጫ ራሱ እሱ ነው። ያለ ሁድ ማብሰል ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ እንደመተኛት ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ታርጋውን ያንብቡ

ከኦቨኑ ጎን ወይም ከጀርባው የተለጠፈ የብረት ታርጋ አለ። መጀመሪያ የጋዙን ዓይነት ይዩ። ከውጭ አገልግሎ የሚመጣ ኦቨን ብዙ ጊዜ የተሠራው በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። እኛ ጋ ያለው በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ነው። ቡታጋዝ በአንድ ሜትር ኩብ ከተፈጥሮ ጋዝ ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ጋዙ የሚወጣባት ቀዳዳ፣ ኖዝል የምንላት፣ ጠበብ ማለት አለባት። ሳትቀየር ከተለኮሰች እሳቱ ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።

ለዚህ አምራቹ የሚሸጠው መቀየሪያ አለ፤ ኖዝሏን ብቻ ሳይሆን የጋዝ ቫልቩን ስፕሪንግም ይጨምራል። አሮጌዋን ኖዝል በብየዳ ደፍኖ በቀጭን መብሻ እንደገና መብሳት የሚባል አቋራጭ አለ። ከዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የምጠላው ነገር እሱ ነው። የአንድ ሚሊሜትር አስረኛ ልዩነት እሳቱን ይለውጠዋል፤ በእጅ መሰርሰሪያ ደግሞ ያንን መቆጣጠር አይቻልም።

ቀጥሎ መብራቱን ይዩ። የአሜሪካ ሥሪት በ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ በሚመላለስበት ቁጥር) ነው የሚሠራው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ተራ ሞተር በዚህ ልዩነት ብቻ ፍጥነቱ በስድስት አንድ ያህል ይቀንሳል። ያ ሞተር ለእሳቱ አየር የሚነፋው ከሆነ ደግሞ አየሩ አነሰ ማለት ነው።

ከፍታው ቀላል ነገር አይደለም

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከባህር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስስ ነው። የኦቨኑ ማራገቢያ እዚህም እዚያም የሚነፋው የአየር መጠን አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን እዚህ ያንሳል። ጋዙ ሳይቀነስ ከተለቀቀ በደንብ አይቃጠልም።

አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት ከ600 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ነው። ከባህር ጠለል ጀምሮ በየ300 ሜትሩ የእሳቱን ኃይል በ4 በመቶ ይቀንሳሉ። ለአዲስ አበባ ሲሰላ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ታርጋው ላይ 35 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ኦቨን እዚህ 24 ገደማ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ቅነሳው ከዚህ ያንሳል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይበልጣል። ትክክለኛውን የኖዝል ቁጥር ከአምራቹ ሠንጠረዥ ያግኙ፤ ቅየራውን ደግሞ የጋዝ ዕቃ የሚያውቅ ቴክኒሻን ይሥራው።

ነጋዴው "በሰዓት ይህን ያህል ፒዛ ያወጣል" ሲልዎት የሚነግርዎ የባህር ዳርቻውን ቁጥር ነው። ሥራ ይበዛብኛል ብለው ካሰቡ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይግዙ። እሳቱን ከፍ አድርጎ ማካካስ አይቻልም።

ቦታውና አቋሙ

በሩን ቀድመው ይለኩ፤ ዕቃው ከ300 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የቀበቶው ማዕቀፍ ለጽዳት በአንድ ጎን ተስቦ ስለሚወጣ በዚያ በኩል የማዕቀፉን ርዝመት ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ። ከግድግዳ የሚርቅበት ልክ መመሪያው ላይ አለ።

ሁድ፦ ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውጡ

ላሜራ ሠሪ ጋ ሄደው "ሁድ ሥራልኝ" ካሉት የኦቨኑን ሰውነት ለክቶ ይሠራልዎታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሙቀቱና የተቃጠለው ጋዝ የሚወጡት ከሁለቱ አፎች ነው። አፎቹ ደግሞ ጫፍና ጫፍ ናቸው። ሁድዎ የኦቨኑን መሃል ብቻ ከሸፈነ ከላይ የሚስበው ንጹሕ አየር ነው፤ ጭሱ በጎንና በጎን እየተነሳ ጣሪያ ይልሳል። ሁዱ ሁለቱንም አፎች አልፎ በየጎኑ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። እኔ ብሆን በአፎቹ በኩል 30 አደርገዋለሁ።

ስንት አየር መሳብ አለበት? የአሜሪካ የሜካኒካል ደንብ ግድግዳ ተጠግቶ ለተሰቀለ እንዲህ ዓይነት ሁድ በአንድ ሜትር ርዝመት በሰዓት 1,670 ሜትር ኩብ ገደማ ይጠይቃል። ሁዱ 2 ሜትር ተኩል ከሆነ 4,200 ያህል ማለት ነው። መታጠቢያ ቤት የምንገጥማት ክብ ፋን አንድ ሁለት መቶ ብትስብ ነው። አራትና አምስት ደርድረው ግድግዳ ላይ የሚተክሉ አሉ፤ ቅባቱ በሳምንታት ውስጥ ያንቃቸዋል።

አይብና ሥጋ ስላለ የቅባት ማጣሪያ የግድ ነው። ቱቦው ብረት ይሁን፤ መጋጠሚያው በሙሉ ይበየድ፣ መታጠፊያውም ይቀነስ። ጫፉ ከጣሪያ በላይ ይውጣ፣ ከጎረቤት መስኮትና ከራስዎ አየር ማስገቢያም ይራቅ። ፎቅ ሥር ያሉ ሱቆች ቱቦውን ወደ ደረጃው ወይም ወደ መብራት ጉድጓዱ ሲለቁት አያለሁ። ያ ማለት ጭሱን ላይኛው ፎቅ ለሚኖረው ቤተሰብ መላክ ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚዘለው ነገር እንምጣ። በሰዓት 4,200 ሜትር ኩብ አየር ከቤቱ ከወጣ ያንኑ የሚያህል አየር ከሆነ ቦታ መግባት አለበት። መግቢያ ካላዘጋጁለት ፋኑ ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ግን አይስብም። ምልክቶቹን አንዴ ካወቁ አይጠፉዎትም። ሁዱ ሲበራ የወጥ ቤቱ በር ለመክፈት ይከብዳል። በበሩ ሥር አየር ያፏጫል። ከወለሉ ፍሳሽ የሽንት ቤት ሽታ ይመጣል፤ ፋኑ አየር አጥቶ ከፍሳሹ መስመር እየሳበ ነዋ።

ሌላው ምልክት ሠራተኞቹ ላይ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራቸዋል። "ጨጓራዬ ነው" ይላል አንዱ፤ ሌላው ድካም ነው ይላል። የዕረፍት ቀናቸው ላይ ይሻላቸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ማንም እሱን አይጠረጥርም።

ከሚወጣው አየር 80 በመቶ ያህሉ በማጣሪያና በፋን፣ በተዘጋጀ መግቢያ ይግባ። ቀሪውን ሁዱ ከመመገቢያ ክፍሉ ይሳበው፤ ያኔ የወጥ ቤቱ ሽታ ወደ ደንበኛ አይሄድም። የሚገባው አየር ግን በኦቨኑ አፍ ላይ አይንፋ። ጭሱን ከሁዱ ሥር ገፍቶ ያወጣዋል፤ የኦቨኑንም ሙቀት ያዛባል።

ሁሉም ሲያልቅ ለፍተሻው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዕጣን ያጭሱ። ሁዱን ያብሩና ማጨሻውን በአንደኛው አፍ ጠርዝ ላይ ይያዙት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሁዱ ከገባ ጥሩ ነው። ወደ እርስዎ ከዞረ፣ ወይም ግማሽ መንገድ ሄዶ ከተበተነ፣ ሥራው አላለቀም። በሩ ተዘግቶም ተከፍቶም ይሞክሩት፤ በሁለቱም አፍ።

የጋዝ መስመሩ

ሲሊንደር ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ በሽቦ አጥር፣ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከመስኮት ራቅ አድርገው ያቁሙት።

አንድ ሲሊንደር ይበቃል ብለው አያስቡ። 24 ኪሎ ዋት የሚያነድ ኦቨን ሙሉ እሳት ላይ በሰዓት ወደ 2 ኪሎ ጋዝ ይበላል። ፈሳሹ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከአካባቢው ሙቀት እየወሰደ ነው። አንድ የቤት ሲሊንደር በዚያ ፍጥነት ከተሳበ ላብ ያወጣል፤ ቀጥሎ አመዳይ ይለብሳል፤ እሳቱም ይደክማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ይብሳል። ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፉት ወይም ጎኑ ምድጃ የሚያነዱለት አሉ። በጭራሽ አያድርጉት። መፍትሔው ትልልቅ ሲሊንደሮችን በአንድ መስመር አገናኝቶ ጭነቱን ማካፈል ነው።

የጋዙን ግፊት በሚቀንሰው ሬጉሌተር ላይ አይቆጥቡ። ለትልቅ ምድጃ የሚሸጠው ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ለዚህ ኦቨን አይሆንም፤ ቫልቩን ያበላሻል። የሚፈለገው ግፊት ታርጋው ላይ አለ። ለአሜሪካ ሥሪት በተለምዶ 11 ኢንች ውሃ ነው፣ 28 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቴክኒሻኑ መለኪያ ከሌለው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፎ ውሃ ይሙላበት። አንዱን ጫፍ መለኪያ ቀዳዳው ላይ ሲሰካ በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መሃል ያለው ልዩነት ግፊቱ ነው። ኦቨኑ ጠፍቶም፣ ሙሉ እሳት ላይም ይለካ። እሳቱ ሲበራ ውሃው በጣም ከወረደ ቱቦው ቀጥኗል ወይም ሬጉሌተሩ አንሷል።

ቱቦው የብረት ይሁን። ጥርሱ ላይ ለጋዝ የሚሆነው ወፍራም ቢጫ ቴፍሎን ይጠቅለል፤ የውሃው ነጭ አይበቃም። ከኦቨኑ ጋር የሚያያዘው የስቴንለስ ጥልፍ ያለው ጎማ ይሁን እንጂ ተራ የምድጃ ጎማ አይሁን። እጅ የሚደርስበት መዝጊያም ይኑረው፤ እሳት ሲነሳ በኦቨኑ ላይ ተንጠራርተው የሚዘጉት መዝጊያ ዋጋ የለውም። ከዚያ ላርጎ በውሃ በጥብጠው መጋጠሚያዎቹን በሙሉ በብሩሽ ይቀቡ። አረፋ ከነፋ ጋዝ እያመለጠ ነው። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይህን ይድገሙ። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ቴክኒሻን ከመጣብዎት ሒሳቡን ከፍለው ይሸኙት።

መብራት ሲጠፋ

እኛ አገር ይህ ራሱን የቻለ ደረጃ ነው። መብራት ሲጠፋ የኦቨኑ ጋዝ ቫልቭ በራሱ ይዘጋል፤ ይህ ደህና ነው። ጀነሬተር ሲነሳስ? ብዙ ቤት ኦቨኑና አምፖሎቹ ጀነሬተር ላይ ናቸው፣ የሁዱ ፋን ግን የለም፤ "ብዙ ይበላል" ተብሎ ተትቷል። ቤቱ ሙሉ ሥራ ላይ ነው፣ ጭስ ማውጫው ግን ጠፍቷል። ጀነሬተሩ ሁለቱንም መሸከም ካልቻለ ኦቨኑም ይቁም።

ለዚህ በሰው ማስታወስ ላይ መተማመን አይገባም። በጋዝ መስመሩ ላይ በመብራት የሚከፈት ቫልቭ ያስገጥሙና ከሁዱ ፋን ጋር ያያይዙት። ፋኑ አየር ካልሳበ ጋዝ አያልፍም። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከሁድ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ነገር እሱ ነው። የጀነሬተሩ ጭስም ከአየር ማስገቢያው ይራቅ፤ አለበለዚያ ያወጡትን መርዝ በሌላ በር ያስገቡታል።

ሲለኮስ

ሁዱን ያብሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ጋዙን ይክፈቱ። በመጀመሪያው ቀን የፋብሪካው ዘይት ስለሚቃጠል ይጨሳል፤ ባዶውን ይሥራ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ጫፍ ካለው አጥፍተው ቴክኒሻኑን መልሰው ይጥሩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ይግዙ። የጋዝ ፍሳሽ የሚለየው ከወለሉ ከፍ ብሎ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ይሰቀል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሠራተኛው በሚተነፍስበት ከፍታ ይሁን፤ ግን በቀጥታ ኦቨኑ አፍ ላይ አይሁን። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ከጮኸ ጋዙን ዘግተው ሰዉን ያስወጡ፣ ሁዱን እንደበራ ይተዉት። የጋዙ ከጮኸ ግን ምንም ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ይውጡና ውጭ ያለውን የሲሊንደር መዝጊያ ይዝጉ።